ከተማ የለመደች ትንኝ

በአገራችን ስለ ወባ ደዌ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረው ዕውቀት ከቦታና ከወራት ጋር የተሳሰረ ነበር። ደገኛው ነጋዴ ወደ ቆላ ሲወርድ በሸለቆው ውስጥ ላለማደር የሚጣደፈው፣ ገበሬው የቆላ እርሻውን አርሶ ወይም አጭዶ ለሌሊቱ ወደ ደጋው መንደሩ የሚወጣው፣ እናትም ክረምቱ አልፎ መስከረም ከጠባ በኋላ በልጇ ላይ የምታየውን ትኩሳት ከሌላው ጊዜ ይልቅ የምትፈራው፣ ንዳድ የት እንደሚያድርና መቼ እንደሚነሣ ረጅም ዘመን ያስተማራቸው በመሆኑ ነው። ይህ ዕውቀት ለብዙዎች ሕይወት መትረፍ ምክንያት ሆኗል። ዛሬ ግን በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ባሉ ከተሞች ላይ የተገለጠው አዲስ አደጋ ሁለቱንም የጥንት ምልክቶች የሚያፈርስ ነው፤ በረባዳ መስክ ላይ ሳይሆን በከተማ ውስጥ፣ ዝናም በሚዘንምበት ሳይሆን በበጋው ወራት፣ ረግረግ ባለበት ሳይሆን ውኃ በሚጠፋበት ሰፈር የሚነሣ ወባ መጥቷልና።

የአደጋውን አዲስነት ለመረዳት አስቀድሞ አሮጌውን ሥርዓት መመልከት ያሻል። ፈረንሳዊው ሐኪም አልፎንስ ላቬራን እ.ኤ.አ. በ1880 በአልጀሪያ ሳለ የወባን ተውሳክ በሕመምተኛ ደም ውስጥ ካየ፣ ሮናልድ ሮስም በ1897 በሕንድ አገር ያው ተውሳክ በትንኝ ሆድ ዕቃ ውስጥ እንደሚያድግ ካረጋገጠ ወዲህ፣ በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረው አኖፊለስ በምትባለው የትንኝ ወገን አማካይነት መሆኑ ታውቋል። የዚህች ወገን ዓይነቶች ብዙ ሲሆኑ፣ በአገራችን ዋናዋ የወባ አስተላላፊ ሆና የኖረችው አኖፊለስ አረቢየንሲስ ናት። እርሷም እንቁላሏን የምትጥለው የዝናም ውኃ በተጠራቀመባቸው፣ ፀሐይ በሚያገኛቸው ጥቃቅን ኩሬዎች፣ በከብት ኮቴ በተቦረቦረ ጭቃና ወንዝ ሲጎድል ዳር ዳሩን በሚተዋቸው ጉድጓዶች ውስጥ በመሆኑ፣ ክረምቱ ወጥቶ ምድር ውኃ አቁራ በምትሞቅበት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ትበዛለች። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ባለው ደጋ ደግሞ ቅዝቃዜው የተውሳኩን እድገት በትንኝ ሆድ ውስጥ ስለሚያዘገየው፣ ትንኝዋ በሽታውን ለማስተላለፍ ሳትደርስ ዕድሜዋ ያልቃል። ቆላና ደጋ፣ ክረምትና በጋ ለወባ የተሠሩ አጥሮች የሆኑት በዚህ ምክንያት ነበር።

አጥሩ በተጣሰ ጊዜ የሚሆነውን አባቶቻችን አይተውታል። ከ1950 ዓ.ም. ክረምት አንሥቶ እስከ 1951 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ድረስ፣ ያልተለመደ ዝናምና ሙቀት በተከሰተ ጊዜ፣ ወባ ወደ ወይና ደጋውና ወደ ደጋው ግርጌ ወጥቶ፣ በሽታውን ከቶ ለምዶ በማያውቅ ሕዝብ መካከል በግምት 3 ሚሊዮን ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህሉን እንደ ቸነፈር ጨረሰ። ከዚያ መቅሠፍት በኋላ መንግሥት ወባን የሚያጠፋ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት አቋቁሞ ሠራተኞቹ ከመንደር ወደ መንደር እየዞሩ ግድግዳ ሲረጩ፣ ደም ሲመረምሩና መድኃኒት ሲያድሉ ኖረዋል። ያ የተጋድሎ ታሪክ የሚያስተምረን አንድ ዐቢይ ነገር አለ፤ ወባ እጅግ የሚያይለው ባልጠበቀው ሕዝብ ላይ ነው፤ ሰውነቱ ያልለመደው፣ ሐኪሙም ያልጠረጠረው እንደ ሆነ በቀላሉ የሚድነው በሽታ ገዳይ ይሆናል።

አሁን ለምንናገርበት አደጋ መነሻው ከጎረቤታችን ከጅቡቲ ነው። ይህች ትንሽ አገር ወባን ከምድሯ ለማጥፋት ተቃርባ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በዓመት ውስጥ የመዘገበችው ሕመምተኛ 27 ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት በጅቡቲ ከተማ የተያዙ ትንኞች ሲመረመሩ ቀድሞ በአፍሪካ ምድር ያልታየች ዓይነት ተገኘች፤ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ትባላለች። ከዚያ በኋላ የሕመምተኛው ቍጥር ከዓመት ወደ ዓመት እያሻቀበ፣ በ2020 ከ73 ሺህ በላይ ደረሰ። የሕዝቧ ቍጥር አንድ ሚሊዮን ያህል ለሆነች አገር ይህ ምን ያህል ታላቅ ጥፋት እንደ ሆነ ልብ ማለት ይገባል፤ በስምንት ዓመት ውስጥ፣ ሊጠፋ ጥቂት የቀረው ደዌ የከተማው ሁሉ ጭንቀት ሆነ።

ይህች ትንኝ ለዓለም እንግዳ አይደለችም። ሊስተን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1901 መልኳንና ጠባይዋን ጽፎ ካሳወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የተፈጥሮ አገሯም ከሕንድ እስከ ፋርስና እስከ ዓረብ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ይዘልቃል። ከአረቢየንሲስ የሚለያት ትልቁ ነገር የእንቁላል መጣያዋን የምትመርጥበት ጠባይዋ ነው። እርሷ የዝናም ኩሬ አትጠብቅም፤ ሰው ለመጠጥና ለአጠባ ብሎ በበርሜል፣ በሮቶ፣ በሲሚንቶ ገንዳ፣ በጉድጓድና ክዳን በሌለው ጋን ያጠራቀመው ንጹሕ ውኃ ይበቃታል። ስለዚህ ዝናም ቢቀርም ትራባለች፤ እንዲያውም ውኃ ሲጠፋ ሰው አብዝቶ ስለሚያጠራቅም፣ ድርቁና የቧንቧው መድረቅ ለእርሷ የመራቢያ ወራት ይሆኑላታል። የአፍሪካ የወባ ትንኞች በብዛት የገጠር ሲሆኑ ይህችኛይቱ ግን ከሰው ሠፈራ ጋር ተስማምታ የምትኖር፣ ከተማ የለመደች ናት።

ወደ ኢትዮጵያ መግባቷ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪደሃር ከተማ ከተሰበሰቡ ትንኞች መካከል ባለሙያዎች ይህችን እንግዳ ለይተው ባገኙ ጊዜ ነው። ቀጥሎም በምሥራቁ ክፍል በተደረገው ሰፊ ፍተሻ በድሬዳዋ፣ በጅግጅጋ፣ በደገሃቡር፣ በጎዴ፣ በሰመራ፣ በገዋኔ፣ በአዋሽ ሰባት ኪሎና በባቲ መኖሯ ተረጋገጠ። የእነዚህን ስሞች ተርታ በካርታ ላይ ለሚከታተል ሰው፣ አብዛኞቹ ከባሕር ወደብ ወደ መካከለኛው ኢትዮጵያ በሚያመሩት የንግድና የጭነት መንገዶች ላይ ወይም በአቅራቢያቸው መሆናቸው አይሰወረውም። ትንኝ በራሷ ክንፍ የምትሄደው ሩቅ አይደለም፤ ሰው ግን በመርከብና በመኪና ያሻግራታል። ከዚያ ወዲህ በሱዳን፣ በሶማሊያ፣ በየመን፣ በናይጄሪያ፣ በኬንያና በጋና መታየቷ የአደጋውን ስፋት ያመለክታል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ጥናትም ትንኝዋ በአፍሪካ ወደሚመቿት ከተሞች ሁሉ ብትዛመት 126 ሚሊዮን ተጨማሪ የከተማ ነዋሪ ለወባ ሊጋለጥ እንደሚችል ገምቷል።

ትንኝ ተገኘች ማለትና በሽታ አስተላለፈች ማለት ግን አንድ አይደለም። ስለዚህም ለጥቂት ዓመታት፣ እንግዳይቱ ትንኝ በኢትዮጵያ ውስጥ በእርግጥ ሰውን ታሳምማለችን የሚለው ጥያቄ በሊቃውንቱ ዘንድ ሲመላለስ ቆይቶ፣ መልሱ የተገኘው በድሬዳዋ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከጥር ወር ጀምሮ፣ ወባ እንደ ልማዱ ጸጥ ሊል በሚገባው የበጋ ጊዜ፣ የከተማይቱ ጤና ጣቢያዎች በትኩሳት በተያዙ ሰዎች ተጨናነቁ። ከሦስት ዓመት በፊት በተመሳሳይ አምስት ወራት ውስጥ 205 ብቻ የነበረው የሕመምተኛ ቍጥር ከ2,400 በላይ ሆነ። ከታመሙትም መካከል ብዙዎቹ በዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ውስጥ የሚኖሩ፣ ከየአገሩ ማዕዘን፣ ወባ ከሌለበት ደጋም ጭምር የመጡ ወጣቶች ነበሩ።

የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ስፍራው ሄደው የሠሩት ሥራ፣ የበሽታን ምንጭ መፈለግ ምን ያህል ትዕግሥትና ሥርዓት እንደሚጠይቅ የሚያሳይ ነው። በወባ የታመሙትን ሰዎች ቤት ከነዙሪያው መረመሩ፤ በሌላ በሽታ ትኩሳት የያዛቸውን፣ ወባ ግን የሌለባቸውን ሰዎች ቤት እንዲሁ መረመሩ፤ ሁለቱንም አነጻጸሩ። ያገኙትም ነገር ግልጽ ነበር፤ ወባ በተገኘባቸው ቤቶች አካባቢ የእንግዳይቱ ትንኝ እጭ የሞላባቸው የውኃ ማጠራቀሚያዎች ነበሩ፤ ከተያዙት የጎለመሱ የአኖፊለስ ትንኞችም ከመቶው 97ቱ ስቴፈንሲ ነበሩ፤ የወባ ተውሳክም በሰውነቷ ውስጥ ተገኘ። የአገሩ ነባር ትንኝ በዚያ ወረርሽኝ ውስጥ ቦታ አልነበራትም ለማለት ይቻላል። እንግዲህ ጥርጣሬው ቀረ፤ በአፍሪካ ከተማ ውስጥ፣ በበጋ፣ በቤት በርሜል ውስጥ ያደገች ትንኝ ወረርሽኝ ማስነሣቷ በማስረጃ ጸና።

ነገሩን የሚያከብደው ሌላ ግኝትም በዚያው ጥናት ተገልጧል። ከሕሙማኑ ደም በተወሰደው ተውሳክ ውስጥ ሁለት አሳሳቢ ለውጦች ታዩ። የመጀመሪያው ምርመራን የሚያታልል ነው፤ በየጤና ኬላው የምንጠቀምባቸው ፈጣን የወባ መመርመሪያዎች በብዛት የሚሠሩት ተውሳኩ የሚያወጣውን አንድ ፕሮቲን በመለየት ሲሆን፣ ይህን ፕሮቲን የማያወጣ ተውሳክ የያዘው ሰው በደሙ ውስጥ ወባ እያለ ‹‹ነጻ ነህ›› ሊባል ይችላል። እንዲህ ያለው ተውሳክ አስቀድሞ በኤርትራ፣ በኋላም በኢትዮጵያ በጥናት ተረጋግጧል። ሁለተኛው ለውጥ፣ ዛሬ የወባ ሕክምና መሠረት የሆነው የአርተሚሲኒን ወገን መድኃኒት ኃይል ሊያጣ መጀመሩን የሚጠቁም ምልክት ነው። መድኃኒቱ ዛሬም ፈዋሽ ነው፤ በትክክል ተመርምሮ በትክክል የወሰደው ይድናል፤ ነገር ግን ከተማ የለመደች ትንኝ፣ ከምርመራ የሚሰወርና መድኃኒትን መቋቋም የጀመረ ተውሳክ በአንድ ቦታ መገናኘታቸው፣ ነገ የሚመጣውን ለሚያስብ ሰው ሁሉ እንቅልፍ የሚነሣ ነው።

እዚህ ላይ ፍርዳችን እንዳይዛባ አንድ ነገር መለየት ይገባል። የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 2024 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን 300 ሺህ በላይ የወባ ሕመምተኛ ተመዝግቦ ከ1,100 በላይ ሰው ሞቷል። የዚህ ሁሉ ጥፋት ተጠያቂ አዲሲቱ ትንኝ አይደለችም፤ ከፍተኛው ቍጥር የታየው ነባሯ አረቢየንሲስ በምትገዛቸው የምዕራብና የደቡብ ምዕራብ ቆላዎች ሲሆን፣ ጦርነትና መፈናቀል የጤና አገልግሎቱን ማናጋታቸውና የአየር ጠባይ መለዋወጥም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። የስቴፈንሲ ክፋት፣ በዚህ በከበደ ሸክም ላይ፣ እስከ ዛሬ ከሸክሙ ውጭ የነበረውን የከተማ ሕዝብ መጨመሯ ነው። የገጠሩ ወባ ሳይቀንስ የከተማው ከተጨመረበት፣ የጤና ጥበቃው ሠራዊት በሁለት ግንባር ለመዋጋት ይገደዳል።

ለገጠሩ ግንባር የተሠሩት መሣሪያዎችም ለከተማው ብቻቸውን አይበቁም። አጎበር ሰው በተኛበት ሰዓት ይጠብቀዋል፤ ይህች ትንኝ ግን ምሽት ላይ፣ ሰው በደጅ ተቀምጦ ነፋስ በሚቀበልበት ሰዓት ጭምር ትናከሳለች፤ የሞቃት ከተማ ነዋሪም ሌሊቱን ሳይቀር በደጅ ማሳለፍ ይወዳል። የግድግዳ ርጭት የሚሠራው ትንኝዋ ደም ከመጠጠች በኋላ በግድግዳ ላይ ስታርፍ ነው፤ ይህች ግን በከብት በረትና በውኃ ማጠራቀሚያው ዙሪያ ማረፍ ታዘወትራለች፤ በዚያም ላይ ለርጭትና ለአጎበር የሚውሉትን ከአንድ ዓይነት በላይ ኬሚካሎች መቋቋሟ በአገራችን በተደረገው ምርመራ ታውቋል። አጎበርና ርጭት ይቅሩ ማለት አይደለም፤ ሕይወት ማትረፋቸውን አላቆሙም። ነገር ግን ትንኝዋን በክንፏ ከማባረር ይልቅ ገና እጭ ሳለች በውኃው ውስጥ መያዝ ይቀላል፤ ምክንያቱም የበረረችው ትንኝ የት እንዳረፈች አይታወቅም፣ በርሜሉ ግን የት እንደ ቆመ ባለቤቱ ያውቀዋል።

በዚህ በርሜል ውስጥ ደግሞ ሌሎች ደዌዎችም ይራባሉ። የዴንጊ ትኩሳት፣ የቺኩንጉንያና የቢጫ ወባ አስተላላፊ የሆነችው ኤዲስ የተባለችው ትንኝ እንዲሁ በከተማ ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ታድጋለች። ድሬዳዋ ይህን በራሷ ላይ አይታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ቀድሞ በአገሩ ያልታወቀው የዴንጊ ትኩሳት ብዙ ሺህ ሰው አልጋ ላይ ጣለ፤ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ ከቤት ወደ ቤት እየተዛመተ፣ መገጣጠሚያን በሚያሽመደምድ ሕመሙ ከአሥር ሺህ የሚበልጡ ነዋሪዎችን አሠቃየ። ሦስት ልዩ ልዩ በሽታ በአሥር ዓመት ውስጥ በአንዲት ከተማ ሲፈራረቁ፣ ሐኪሙ በተናጠል ሦስት ስም ቢሰጣቸውም፣ የመፍትሔው ሥር አንድ መሆኑን መንገር ግድ ይላል፤ ውኃው ካልተከደነ ሦስቱም አይቆሙም።

ታዲያ ውኃው ይከደን ብሎ ነዋሪውን መምከር ተገቢ ቢሆንም፣ በዚያ ብቻ ማቆም ፍርደ ገምድልነት ነው። ሰው በርሜል የሚሞላው ወዶ አይደለም። ቧንቧው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ የሚመጣበት ሰፈር ነዋሪ፣ ውኃ በመጣበት ሰዓት ሌሊትም ቢሆን ተነሥቶ ያለውን ዕቃ ሁሉ ካልሞላ ልጆቹ ይጠማሉ። ለሕንጻ ሥራ በየግቢው የሚቆፈረው የውኃ ጉድጓድም፣ ተቋራጩ ሲሚንቶውን የሚያጠጣበት ሌላ ምንጭ ስለሌለው የተቆፈረ ነው። ስለዚህ የውኃ እጥረትና የወባ ወረርሽኝ ሁለት የተለያዩ ቢሮዎች ጉዳይ መስለው ይታዩ እንደ ሆነ እንጂ በእውነቱ አንድ ናቸው፤ ለሕዝቡ በየዕለቱ ውኃ የማታደርስ ከተማ ወባዋን በገዛ እጇ ታራባለች። የውኃ መስመር የሚዘረጋው መሐንዲስ፣ የሕንጻ ፈቃድ የሚሰጠው ሹምና ጤና ጣቢያ ውስጥ ደም የሚመረምረው ባለሙያ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሥራቸውን ካላስተባበሩ፣ የአንዱ ድካም በሌላው ቸልተኝነት ከንቱ ይሆናል።

ይህ የሚቻል መሆኑን ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1911 ቤንትሊ የተባለው ሐኪም በቦምቤይ ከተማ ወባን የሚያሰራጨው በጉድጓዶችና በውኃ ገንዳዎች ውስጥ የምትራባው ይህችው ስቴፈንሲ መሆኗን ገልጦ ጻፈ፤ ከተማይቱም የውኃ ማጠራቀሚያ ያለው ባለቤት ሁሉ ትንኝ እንዳይገባበት አድርጎ እንዲከድን በሕግ አስገድዳ፣ ተቆጣጣሪዎቿን በየጣሪያው እያስወጣች ማስፈተሽን የዘወትር ሥራ አደረገች። ብራዚልም አለች፤ በ1930 ከአፍሪካ በመርከብ ተሻግራ በናታል ወደብ የገባችው የወባ ትንኝ በ1938 በሰሜን ምሥራቁ አገር ታላቅ እልቂት ካደረሰች በኋላ፣ ፍሬድ ሶፐር በሚመራው ዘመቻ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ቤት ለቤት፣ ኩሬ ለኩሬ እየተከታተሉ በ1940 ከአገሪቱ ጨርሰው አጠፏት። ስሪላንካ ደግሞ ከወባ ነጻ መሆኗ በተበሰረበት በ2016 መጨረሻ ላይ ስቴፈንሲ በማናር አውራጃ ጉድጓዶች ውስጥ ብትገኝም፣ ሳትዘናጋ ፍተሻና ቁጥጥር በማድረጓ በሽታው ዳግመኛ ሥር እንዳይሰድ ጠብቃለች። እነዚህ አገሮች የተሳካላቸው ትንኝዋን በቁም ነገር ስለ ተመለከቷት፣ ፍተሻውንም ሳያቋርጡ ስለ ቀጠሉ ነው።

በየቤቱ ሊደረግ የሚገባው ቀላል ነው። በሞቃት አገር ትንኝዋ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ከሳምንት ጥቂት ከፍ ያለ ጊዜ ይበቃታል፤ እንግዲያስ በየሳምንቱ አንድ ቀን ለይቶ በርሜሉን ገልብጦ፣ የኤዲስ እንቁላል በጠርዙ ላይ ስለሚጣበቅ ውስጡን በብሩሽ ፍቆ፣ እንደ ገና ሞልቶ ማጠራቀሚያውን በክዳን ወይም በጥቅጥቅ ጨርቅ አጥብቆ መሸፈን ትውልዷን ይቆርጣል። ሊገለበጥ የማይችለውን ትልቅ ገንዳና ሮቶ ግን ክዳኑ እንዳይሰነጠቅ መጠበቅና፣ የጤና ሠራተኞች እጭን የሚያጠፋውን መድኃኒት ሊጨምሩበት ሲመጡ በሩን ከፍቶ መቀበል ያስፈልጋል። መድኃኒቱ በታዘዘው መጠን ከተጨመረ የሰውን ጤና አይጎዳም፤ ሠራተኛውን በጥርጣሬ መመለስ ግን የጎረቤትን ልጅ መጉዳት ነው፤ አንድ ያልተከደነ በርሜል ለሰፈሩ ሁሉ ይበቃልና።

የታመመም ሰው በቆላ ካልዋለ፣ ወራቱም መስከረም ካልሆነ ወባ አይይዘኝም ብሎ እንዳይዘናጋ። በከተማ የሚኖር፣ በበጋ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የራስ ምታት የተሰማው ሰው በፍጥነት ሄዶ ይመርመር፤ ከቤት የተረፈ ወይም ጎረቤት የሰጠው ክኒን አይዋጥ፤ በፈጣኑ ምርመራ ነጻ ተብሎ ትኩሳቱ ያልለቀቀው እንደ ሆነ ተመልሶ ደሙ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ይጠይቅ፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት ደኅና የሆነ ሲመስለው ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ይውሰድ። ነፍሰ ጡር ሴቶችና ሕፃናት ለአንድ ሌሊት እንኳ ባይዘገዩ ይመረጣል። ሐኪሞቻችንም የከተማ ነዋሪ በበጋ በትኩሳት ሲመጣባቸው ወባን ከጥርጣሬያቸው ዝርዝር እንዳይሰርዙት ሙያቸው ያስገድዳቸዋል።

በጥንት ዘመን ሰው ከወባ የሚያመልጠው ወደ ደጋ በመውጣት ወይም ወራቱ እስኪያልፍ በመታገሥ ነበር። ከአሁኑ አደጋ ግን በመሸሽ አይመለጥም፤ ደዌው የሚራባው ባለንበት፣ በገዛ ቤታችን ዕቃ ውስጥ ነውና። ይህ አሳሳቢ ቢሆንም ተስፋም አለበት፤ ዝናሙንና ሸለቆውን ሰው ሊያዝዛቸው አይችልም፤ በርሜልን መክደን፣ ጉድጓድን መድፈን፣ የቧንቧ ውኃን በየዕለቱ ማድረስ ግን በሰው ሥልጣን ሥር ያሉ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ የከተሞቻችን አስተዳዳሪዎች ለጤና ብለው በጀት ሲመድቡ የውኃውን መስመር ከሕክምናው እኩል ይቍጠሩት፤ ነዋሪውም ሹማምንቱን ውኃ ሲጠይቅ ለራሱና ለልጆቹ ጤና መጠየቁ መሆኑን ዐውቆ አጥብቆ ይጠይቅ። ትንኝዋ ወደ ምዕራቡና ወደ መካከለኛው የአገራችን ከተሞች ሁሉ ተስፋፍታ ሥር ሳትሰድ የሚደረግ ሥራ ጥቂት ገንዘብና ብዙ ትጋት ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ግን ብዙ ገንዘብና ብዙ ሕይወት ያስከፍላል።